ራባዩ ሰልፋችን ላይ ምን ይሠራል?

የማታ_ሺፍት፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። የምኖረው አሜሪካ ነው፣ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም ረዳት አስታማሚ ነኝ፣ ማታ ማታ ነው የምገባው። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሥራውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ዳይፐር መቀየር፣ ደግሞ ማገላበጥ። ወረቀት ላይ ለአንድ ሰው አሥራ ሁለት ታማሚ ነው የሚለው። ሰው ሲቀር ግን ሃያ ይሆናል፣ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ይቀራል። የሠራነው ኦቨርታይም ቼኩ ላይ ሳይታይ ያልፋል፣ ስንጠይቅ «በሚቀጥለው ይስተካከላል» እንባላለን፣ የሚቀጥለውም የራሱን ጉድ ይዞ ይመጣል።

አሁን ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) እናስገባ ተብሎ ምርጫ ሊደረግ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሺፍት ስወጣ በር ላይ ሰልፍ ነበር። የኛ ሰዎች አሉ፣ ሄይቲዎቹ አሉ፣ ፊሊፒኖዎቹ አሉ። መሃላቸው ላይ ግን ኪፓ (የአይሁድ ቆብ) ያደረገ ሽበታም ራባይ፣ የአይሁድ ሃይማኖት መምህር ማለት ነው፣ ቆሟል፣ ከምኩራቡ የመጡ ሰባት ስምንት ሰዎችም አብረውት አሉ። አንዷ ቀንደ መለከት አውጥታ ነፋችው። እውነቴን ነው፣ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ የበግ ቀንድ!

ጥያቄዬ እነዚህ ሰዎች ምን አገባቸው ነው። አንዳቸውም እዚያ አይሠሩም። አንዷ ባልደረባዬ «ፖለቲካ ነው፣ ተዪው» አለችኝ፣ ሌላዋ «ፎቶ ሊነሱ ነው» አለች። እኔም ልተወው ነበር፣ ግን ከማገላብጣቸው አንዷ የዘጠና አራት ዓመት አይሁዳዊት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው፣ ትርጉሙን ነግሬያቸው ወደውታል። ጨዋ ናቸው፣ አስቸጋሪነታቸው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፣ ማታ የክፍላቸው በር እንዲዘጋ አይፈልጉም፣ የኮሪደሩ መብራት ዓይናቸው ውስጥ እየገባ እንኳ። ለካ ሰልፉን በመስኮት አይተው ኖሮ፣ ማታ ስገባ እጄን ያዝ አድርገው «ሰልፉን አቋርጠሽ ገባሽ እንዴ?» አሉኝ። አይ፣ ሥራ ማቆም አይደለም፣ ሰልፍ ብቻ ነው አልኳቸው። «እናቴ ሸሚዝ ሰፊ ነበረች» አሉና ዝም አሉ።

የሳቸው እናት ሸሚዝ ከኔ ደመወዝ ጋር ምን እንዳገናኘው ልጠይቅ ስል ደወል ተደወለ፣ ሮጥኩ። የምታውቁ አስረዱኝ።


ጋሽ_ታዛቢ፦

እህቴ፣ እትዬሽ እኮ መልሱን ነግረውሽ ነበር፣ ደወሉ ቀደመሽ እንጂ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ኒውዮርክ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ዋሽንግተን ስኩዌር አጠገብ አንድ አሥር ፎቅ ሕንፃ አለ፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ነው። በየዓመቱ ማርች 25 ሰው ይሰበሰብበታል፣ መንገዱም ይዘጋል። መጀመሪያ የተዘጋብኝ ቀን ተራግሜ ነው ከመኪናዬ የወረድኩት። የእሳት አደጋ መኪና ቆሟል፣ ደወል ይደወላል፣ ስም ይጠራል። ከዚያ የመኪናው መሰላል ቀስ እያለ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ወጣ፣ ወጣ፣ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆመ። የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ለካ ሆን ተብሎ ነው። በ1911 እሳቱ ሲነሳ ሠራተኞቹ የነበሩት ስምንተኛ፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የዚያን ጊዜው መሰላል ደግሞ ከስድስተኛው አያልፍም ነበር።

ፋብሪካው ትራያንግል ይባላል፣ የሴቶች ሸሚዝ ነው የሚሰፋበት። 146 ሰው ሞተ፣ 123ቱ ሴቶች። አብዛኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድና ከጣሊያን የመጡ ወጣቶች ናቸው፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጆችም ነበሩባቸው። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ አንዱ የመውጫ በር ተቆልፎ ነበር። ሠራተኛ ጨርቅ ደብቆ እንዳይወጣ፣ ሁሉም በአንድ በር እየወጣ ቦርሳው እንዲፈተሽ ተብሎ። ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ ነው፣ ልብ በይ። ሰንበት ጠባቂ ሕዝብ ሆነው ልጆቻቸው በሰንበት የስፌት መኪና ላይ ነበሩ።

ታሪኩ ግን ከእሳቱ አይጀምርም። በ1909 ኖቬምበር 22 ኩፐር ዩኒየን በሚባል አዳራሽ ሸሚዝ ሰፊዎቹ ተሰብስበው፣ ትላልቅ ሰዎች ተራ በተራ እየተነሱ ሲናገሩ፣ ሲያስጠነቅቁ፣ እንታገሥ ሲሉ ሁለት ሰዓት ያህል አለፈ። አንዲት የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት የመናገር ፈቃድ ጠይቃ መድረክ ላይ ወጣች። ክላራ ሌምሊች ትባላለች፣ ከዩክሬን የመጣች። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አድማ ላይ ሳለች ተደብድባ ስድስት የጎድን አጥንቷ ተሰብሯል። በይዲሽ ነው የተናገረችው፣ በእናቶቻቸው ቋንቋ፣ ባጭሩ። ወሬ ሰልችቶኛል፣ አጠቃላይ አድማ ይጠራ፣ አለቀ። አዳራሹ በሙሉ ቀኝ እጁን አንስቶ ማለ፦ ከከዳሁ ይህች ያነሳኋት እጄ ትድረቅ። መዝሙረ ዳዊት ላይ ኢየሩሳሌምን ብረሳ ቀኜ ትርሳኝ የሚለውን የሚያውቅ ሰው ይህ መሐላ ከየት እንደሚመዘዝ አይጠፋውም።

ሃያ ሺህ የሚሆን ሰው ሥራ አቁሞ ወጣ። በብርድ፣ በክረምት። አድማው ፌብሩዋሪ 1910 ላይ ሲያበቃ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ውል ፈርመዋል። ትራያንግል ግን ማኅበሩን አልቀበልም አለ። ዓመት ከአንድ ወር በኋላ ነው እንግዲህ የተቃጠለው።

የዚያን ቀን መንገድ ላይ ቆመው ሴቶቹ ከመስኮት ሲወረወሩ ካዩት አንዷ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ናት። እሷ አይሁድ አይደለችም። በ1933 የአሜሪካ የሥራ ሚኒስትር ሆነች፣ በሷ ዘመን በ1938 ዝቅተኛ ደመወዝንና ኦቨርታይምን የሚደነግገው የፌዴራል ሕግ ወጣ። መነሻው በሰዓት 25 ሳንቲም ነበር። አሁን ቼክሽ ላይ እየጠፋ ያለው ኦቨርታይም ከዚያ ነው የመጣው። ሸሚዙና ደመወዝሽ እዚህ ጋ ይገናኛሉ።


ቀጥተኛው፦

ጋሼ፣ እርስዎ ሲጽፉ ቁጭ ብዬ ነው የማነበው፣ ግን ግማሹን ነው የነገሩን። የፋብሪካው ባለቤቶችስ? ማክስ ብላንክና አይዛክ ሃሪስ። እነሱም አይሁዶች፣ እነሱም ስደተኞች። ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ዲሴምበር በነፃ ለቀቃቸው። በ1914 በፍትሐ ብሔር ክስ ለአንድ ሟች 75 ዶላር ከፍለው ተገላገሉ። እና «አይሁዶች ለሠራተኛ ቆሙ» ከማለት በፊት የትኞቹ አይሁዶች ማለት ይገባል። አሁንም ቢሆን ቀንድ መንፋት ቀላል ነው፣ ነፍቶ ቁርሱን ሊበላ ቤቱ ይገባል። ሃያ ታማሚ የምታገላብጠው ግን እህታችን ናት።


ጋሽ_ታዛቢ፦

ልጄ አልተጣላንም። ያልከው ትክክል ነው፣ እንዲያውም ነገሩን የሚያከርረው እሱ ነው። አለቃውም ሠራተኛዋም ከአንድ አገር የመጡ፣ አንድ ቋንቋ የሚያወሩ፣ አንዳንዴም አንድ ምኩራብ የሚሳለሙ ነበሩ። በ1910 ካፖርት ሰፊዎቹ በአሥር ሺዎች ሆነው ሲያድሙ፣ ገመናችን አደባባይ ወጣ ብለው የተጨነቁት የማኅበረሰቡ ባለጠጎች መሃል ገቡ፣ ልዊስ ብራንዳይስ የሚባለውን ጠበቃም አመጡ (ኋላ በ1916 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ነው)። ሁለቱን ወገን አስቀምጠው አስታረቁ። ሽምግልና በለው።

ደግሞ ሠራተኞቹ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። አርበተር ሪንግ የሚባል ነበራቸው፣ የሠራተኞች ክበብ ማለት ነው፣ በ1900 በአገር ደረጃ የቆመ። የታመመ ይደጎማል፣ የሞተ ይቀበራል፣ ሐኪም አለ፣ የማታ ትምህርት አለ። እድር ነው በቃ። ልዩነቱ የነሱ እድር አድማ ሲመታም ከአድመኛው ጋር መቆሙ ነው። የኛ እድር ድንኳን ከመትከል አልፎ እዚህ ቢደርስ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፣ ግን እሱ ሌላ ወሬ ነው።


የኦሪት_ተማሪ፦

ቀጥተኛው፣ «የትኞቹ አይሁዶች» የሚለው ጥያቄ የነሱም ጥያቄ ነው፣ ታልሙድ (የጥንት ሊቃውንቶቻቸው የሕግ መጽሐፍ) ውስጥ ሳይቀር አለ።

ባባ ሜትዚያ የሚባለው ክፍል ላይ አንድ ታሪክ አለ። አንድ ሊቅ የወይን ጠጅ ጋን የሚሸከሙለት ሰዎች ቀጠረ። ጋኑን ሰበሩበት። እሱም ለኪሳራዬ ብሎ ልብሳቸውን ያዘባቸው። ሰዎቹ ራቭ ወደሚባለው መምህር ሄደው ከሰሱት። ራቭ ሊቁን «ልብሳቸውን መልስ» አለው። «ሕጉ ይሄ ነው?» አለ ሊቁ። «አዎ» አለው፣ መጽሐፈ ምሳሌን ጠቅሶ። መለሰ። ሸካሚዎቹ ግን አልሄዱም። ድሆች ነን፣ ቀኑን ሙሉ ስንለፋ ውለናል፣ ርቦናል፣ በእጃችን ምንም የለም አሉ። ራቭ አሁንም ዞሮ «ሂድ ደመወዛቸውን ክፈል» አለው። «ይሄም ሕግ ነው?» «አዎ።»

አስቡት፣ ጋኑ የሱ፣ የፈሰሰው ወይን ጠጅ የሱ፣ ከፋዩም እሱ። እነዚያ ሰልፍ ላይ የምታዪአቸው ራባዮች ስለ ሠራተኛ ሲሰብኩ ደጋግመው የሚያነሱት ይህን ነው። የሠራተኛ ጉዳይ ለነሱ ከኮሸር (ከምግብ ሕጋቸው) እና ከሰንበት እኩል የሕግ ጉዳይ ነው፣ ለችግረኛ ከሚደረግ ቸርነት አይቆጥሩትም።

ይህ ሲባል ሁሉም ይኖሩበታል ማለት አይደለም። በ2008 ሜይ 12 አይዋ ውስጥ ፖስትቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የኢሚግሬሽን ፖሊስ አንድ ግዙፍ የኮሸር ሥጋ ፋብሪካ ከብቦ 389 ሠራተኛ አሰረ፣ አብዛኞቹ የጓቲማላ ሰዎች። በዚያ ፋብሪካ የሠራተኛው አያያዝ ምን እንደሚመስል ግን ከዚያ ከሁለት ዓመት በፊት አጋልጦ የጻፈው ፎርዋርድ ነው፣ በ1897 በይዲሽ የተጀመረው የአይሁዶች ጋዜጣ። የራሳቸውን ጉድ ራሳቸው ናቸው ያወጡት። ከዚያ በየምኩራቡ አንድ ጥያቄ ተነሳ፦ ከብቱ እንደ ሕጉ ታርዷል፣ አራጁ ግን እንደ ሕጉ ተይዟል ወይ? ይህ ሥጋ ንጹሕ ነው?

ያ ጥያቄ አልባከነም። ኡሪ ልጼዴቅ የሚባሉ ወጣት ኦርቶዶክስ (ሕግ አጥባቂ) አይሁዶች በ2009 ለኮሸር ምግብ ቤቶች አንድ ማኅተም አወጡ፣ ታቭ ሀዮሼር ይባላል። ስለ ምግቡ አይደለም። ደመወዝና ኦቨርታይም በሕጉ መከፈሉን፣ ዕረፍት መኖሩን፣ ሠራተኛ አለመሰደቡን ነበር የሚያረጋግጠው፣ ኩሽና ገብተው ዕቃ አጣቢውን አናግረው። ኮንሰርቫቲቭ የሚባለው የአይሁድ እምነት ክንፍ የሕግ ኮሚቴም በዚያው በ2008 ራባይ ጂል ጃኮብስ የጻፈችውን ውሳኔ አጸደቀ፣ አይሁድ አሠሪ የሚያኖር ደመወዝ ይክፈል፣ ሲቻልም በዩኒየን የታቀፈ ሠራተኛ ይቅጠር የሚል።

ስለ ፎቶው ደግሞ። ጥሩዓ የሚባል የራባዮች ድርጅት ከ2011 ጀምሮ ራባዮችን ፍሎሪዳ፣ ኢሞካሊ ወደሚባለው የቲማቲም አገር ይወስዳል። እዚያ ለቃሚ የሚከፈለው በባልዲ ነው፣ 32 ፓውንድ ለሚይዝ ባልዲ 50 ሳንቲም አካባቢ ነበር። ለቃሚዎቹ ከትላልቆቹ ገዢዎች የጠየቁት በፓውንድ አንድ ሳንቲም ጭማሪ ነው። አንድ! ራባዮቹ ሜዳውን አይተው ሲመለሱ በየከተማቸው ሱፐርማርኬትና ሀምበርገር ቤት እየገቡ ሥራ አስኪያጁን «ይህን ስምምነት ለምን አልፈረማችሁም?» ብለው ይጠይቃሉ። ፎቶ ተነሥተዋል? አዎ፣ በደንብ። ሳንቲሟ ግን ተከፍላለች፣ ብዙ ኩባንያዎች ፈርመዋል።


ከሐይፋ፦

እኔ የምጽፈው ከእስራኤል ነው፣ ቤተ እስራኤል ነኝ። የአሜሪካዎቹን ታሪክ ሳነብ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም እቀናለሁ። እዚህ ሠራተኛዋም አይሁድ፣ ቀጣሪውም አይሁድ፣ ዳኛውም አይሁድ ነው፣ ስለዚህ ማንም መጥቶ ቀንድ አይነፋልሽም።

እናቴ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው የመጣችው። ትምህርት ቤት ታጸዳ ነበር፣ ግን የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ አይደለችም፣ የቃብላን ነች። እናንተ ኮንትራክተር የምትሉት ነው። በጋ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ትባረራለች፣ ሴፕቴምበር ላይ እንደ አዲስ ትቀጠራለች። እዚያው ወለል፣ እዚያው ባልዲ፣ ግን ሁልጊዜ አዲስ ገቢ። አገልግሎቷ እንዳይቆጠር ነው። አንድ ዓመት ጭራሽ የመጨረሻውን ወር ሳይከፍሏት ቀሩ። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። የደመወዝ ወረቀቶቿን፣ ትሉሽ የምንለውን፣ ሁሉንም በአንድ የስኳር ላስቲክ አስራ አልጋ ሥር ነበር የምታስቀምጠው። ዕብራይስጥ አታነብም፣ ግን አንዲት ወረቀት አልጣለችም።

በነፃ ወደሚያማክሩ ሰዎች ወሰድኳት። ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው። ጠበቃዋ እያገላበጠች «ሀላናት ሳኻር» የሚል ቃል ደጋግማ ትጽፋለች። ምን ማለት ነው አልኳት። የደመወዝ ማደር ማለት ነው አለችኝ። በ1958ቱ የደመወዝ ጥበቃ ሕግ የወሩ ደመወዝ በጊዜው ካልተከፈለና ዘጠኝ ቀን ካለፈው «እንዳደረ» ይቆጠራል፣ ከዚያ ወዲያ ካሣ ይወልዳል። ለእናቴ ስተረጉምላት ሳቀች። «ይሄማ ኦሪት ነው፣ ቄሳችን ያነቡት የነበረው» አለች። እውነቷን ነው፣ ዘሌዋውያን 19 ላይ የቅጥረኛው ዋጋ እስከ ነገ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። አማርኛው እንኳ ያንኑ ቃል ነው የያዘው፣ አይደር። የሦስት ሺህ ዓመት ቃል ፍርድ ቤት ቆሞ ለእናቴ ሲመሰክር አየሁ። ብሩ መጣ። ከነልጁ።

ለማወቅ ያህል፣ ካቭ ላኦቬድ የሚባል ድርጅት አለ፣ በ1991 የተመሠረተ፣ አይሁድ ሆንክ ፍልስጤማዊ፣ ታይላንዳዊ ሆንክ ኤርትራዊ አይልም፣ ደመወዙን የተነጠቀ ሁሉ ይሄድበታል።


ሆቴል_ስቱዋርድ፦

የማታ ሺፍት፣ እኔ ከታሪክ ይልቅ ሥራው ላይ ልምጣ። ሆቴል ነው የምሠራው፣ ስቱዋርድ ነኝ፣ ማለትም ዩኒየኑ ውስጥ የፎቁ ተወካይ።

ራባይና ቄስ ምን ይጠቅማሉ? በኛ ላይ የሆነውን ልንገርሽ። ሥራ አስኪያጃችን ሦስት ወር ሙሉ «ስብሰባ ላይ ነኝ» እያለ ነው የኖረብን። አንድ ራባይ፣ አንድ ቄስና አንድ ኢማም አብረው የመጡ ቀን ስብሰባው አልነበረበትም። ቡና አስቀዳላቸው። እኛ በሩ ላይ ቆመን እያየን። ተናደድኩ፣ ግን ገባኝ። እኛን ሊያባርረን ይችላል፣ እነሱን አይችልም። ለዚያ ነው የሚያስፈልጉሽ። ደግሞ ጎረቤት እያየኝ ነው የሚል ስሜት ሰውዬው ላይ ይፈጥራሉ።

ድምፅ ግን አይሰጡልሽም። ቀጥተኛው እዚያ ላይ ልክ ነው። ምርጫውን የሚያሸንፈው ድምፅ ከሰጠው ሰው ከግማሽ በላይ ያገኘ ነው፣ ስለዚህ ድካም ላይ ነኝ ብላ የምትቀረዋን ባልደረባሽን መኪናሽ ላይ ጫኛት። በ1935ቱ ሕግ መሠረት ዩኒየን ስለደገፍሽ ማስፈራራትም ማባረርም ክልክል ነው። ክልክል ነው ማለት አያደርጉትም ማለት አይደለም፣ ያሉሽን ቀንና ሰዓት ጨምረሽ ጻፊው።

ኦቨርታይሙን ደግሞ ዩኒየኑን አትጠብቂበት። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሠራሽው በአንድ ተኩል ይታሰባል። ነርሲንግ ሆም ላይ ሌላ አቆጣጠር ሊኖር ይችላል፣ 8 እና 80 ይሉታል፣ በቀን ከ8 ወይም በአሥራ አራት ቀን ከ80 በላይ ሲሆን። የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት በራስሽ ደብተር ጻፊ፣ ስልክ ላይ ብቻ አይሁን። የሠራተኛ ሚኒስቴሩ የደመወዝና ሰዓት ክፍል አቤቱታ በነፃ ይቀበላል፣ ወደኋላ ሁለት ዓመት ይሄዳል፣ አውቀው ያደረጉት ከሆነ ሦስት። የመኖሪያ ወረቀትሽን አይጠይቁሽም።

ዞሮ ዞሮ ግን ሰዎቹን አትግፊያቸው። የአይሁድ የሠራተኛ ኮሚቴ የሚባል አለ፣ በ1934 የተቋቋመ፣ ፋሲካቸው ሲደርስ ከዩኒየኖች ጋር ማዕድ ያዘጋጃሉ። ከግብፅ ባርነት የወጡበት በዓል አይደል፣ ስለ ጡብና ስለ ደመወዝ ባንድ ላይ ይወራል። አንዴ ተጠርቼ ሄጃለሁ። መራራ ሥር ፍቀው ያበሉሻል፣ አፍንጫዬን በረቀሰው፣ ሚጥሚጣ ለለመደ ሰው እንኳ። ዘፈኑ ደግሞ ማለቂያ የለውም።


ጋሽ_ታዛቢ፦

አንድ ነገር ረስቼ ነው የተመለስኩት።

እህቴ፣ ነርሲንግ ሆምና ሆስፒታል ውስጥ ካሉት ትልልቅ ዩኒየኖች አንዱ 1199 ይባላል። በ1932 ኒውዮርክ የጀመሩት የፋርማሲ ሠራተኞች ናቸው፣ አብዛኞቹ አይሁዶች፣ መሪያቸውም ሊዮን ዴቪስ፣ እሱም ስደተኛ አይሁድ። ለራሳቸው ከተመቻቸው በኋላ አርፈው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ ሆስፒታሎቹ ውስጥ ወለል የሚወለውሉትን፣ አልጋ የሚያነጥፉትን፣ ምግብ የሚያመላልሱትን ጥቁሮችና ፖርቶሪኮዎች ማደራጀት ጀመሩ። የነዚህ ሰዎች የሳምንት ደመወዝ 30 ምናምን ዶላር ነበር። በ1959 ሰባት ሆስፒታሎች ላይ 46 ቀን አደሙ። ቀጥተኛው ይስማኝ፣ ከሰባቱ በርከት የሚሉትን ያቋቋሙት አይሁዶች ናቸው፣ ማውንት ሳይናይን ጨምሮ። አሁንም ያው ነው፣ በዚህም ወገን አይሁድ፣ በዚያም ወገን አይሁድ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በጣም የምወደው ዩኒየን ነው ያለው ይህን ነው።

ክላራ ሌምሊችስ መጨረሻዋ ምን ሆነ? አርጅታ ሎስ አንጀለስ የአይሁድ የአረጋውያን ቤት ገባች። እዚያም አላረፈችም። የካሊፎርኒያ ወይን ለቃሚዎች ወይን አትግዙ ባሉ ጊዜ የቤቱ ኃላፊዎች ወይን እንዳይገዙ አደረገች፣ የሚያነሷትን የሚያስቀምጧትን አስታማሚዎችም ዩኒየን እንዲያቋቁሙ ረዳቻቸው። ሰማንያ ምናምን ዓመቷ ነበር። እና እትዬሽ እጅሽን ሲይዙሽ ዝም ብለው እንዳይመስልሽ።


የማታ_ሺፍት፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎን በተለይ። ትናንት ማታ ሥራው ቀለል ሲል ገብቼ አልጋቸው አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ክላራ የምትባል ሴት ያውቃሉ ወይ አልኳቸው። በስም አያውቋትም። እናታቸው ፊላዴልፊያ ነበር የሚሰፉት፣ እሳቱም እነሱ ጋ አልነበረም። ግን ወሬው የደረሰ ቀን አያታቸው ለእናታቸው አንድ ነገር አስምለዋቸዋል፣ በሩ የሚቆለፍ ቤት ውስጥ አትስፊ ብለው። ከዚያ ወዲህ እናትየው ቤታቸው ውስጥ እንኳ በር ሲዘጋ አይወዱም ነበር፣ ሽንት ቤት ሳይቀር ገርበብ ነው። «ወንድሞቼ በጣም ይናደዱ ነበር» ብለው ሳቁ።

እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ መብራት ፈልገው ነበር የሚመስለኝ።

ምርጫው ሐሙስ ነው። ደብተር ገዝቻለሁ። ሆቴል ስቱዋርድ፣ ያ 8 እና 80 ያልከው ነገር የኔን ፊርማ ይፈልጋል ወይ? ስቀጠር የፈረምኩት ወረቀት ብዙ ነው፣ አንዱንም አላነበብኩትም።


ሆቴል_ስቱዋርድ፦

ሥራው ከመሠራቱ በፊት ስምምነት መኖር አለበት፣ ዝም ብለው በኋላ ሊያመጡት አይችሉም። ወረቀቶቹን ፈልጊያቸው። ካጣሻቸው ከቢሮው ኮፒ ጠይቂ፣ በኢሜይል ይሁን፣ መልስ ባይሰጡሽ እንኳ የጠየቅሽበት ቀን ይቀመጥልሻል።